የዩኤስቢ ሃርት ሞደም፦ በድሬ ሙቀት ተፈትኖ

ፍርዱን መጀመሪያ ልናገርና የቸኮለ ይሂድ። ፋብሪካችሁ ውስጥ 4-20 ሚሊአምፕ የሚሰጡ ትራንስሚተሮች (ግፊት፣ ሙቀት የመሳሰለውን ለክተው በሽቦ የሚልኩ መሣሪያዎች) ካሉ የዩኤስቢ ሃርት ሞደም ግዙ። አለቃ አልገዛም ካለ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አዋጡና ግዙ። መጠኗ ከስልክ ቻርጀር ብዙ አትበልጥም፤ ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ ሃርት በሚባለው ቋንቋ ላፕቶፑን ከትራንስሚተሩ ጋር ታነጋግራለች።

ጊዜ ያለው ይቀመጥ። ስለ እቃዋ ብቻ ሳይሆን ከጀርባዋ ስላለው ኔትወርክም፣ ስለ ተፎካካሪዎቹም የምለው አለኝ።

ድሬዳዋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኢንስትሩመንት ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ስሙ ይቆይ። ግማሹ ፋብሪካ አሮጌ ነው፤ እያንዳንዱ ትራንስሚተር የራሱን ሁለት ሽቦ እየጎተተ እስከ ፒኤልሲው (ፋብሪካውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ካቢኔ ድረስ ይመጣል። ሌላው ግማሽ አዲስ ነው፣ እዚያ ፕሮፊባስ ፒኤ የሚባል፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ ኬብል የሚያገናኝ ኔትወርክ ተዘርግቷል። ስለዚህ ሁለቱንም እነካካለሁ፣ ሁለቱም ያናድዱኛል፣ ግን እኩል አይደለም።

አሮጌው አሠራር ቀላል ነው። ትራንስሚተሩ ግፊቱን ወይም ሙቀቱን ይለካና በከረንት ይናገራል፤ ከታች 4 ሚሊአምፕ፣ ከላይ 20። ሽቦው ከተቆረጠ ዜሮ ስለሚሆን ባዶ ታንክና የተበጠሰ ሽቦ አይምታቱም። ቆንጆ ዘዴ ነው። ችግሩ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚነግርህ። ትራንስሚተሩ ታሟል? ሬንጁ (ከስንት እስከ ስንት እንደሚለካ) ስንት ላይ ነው የተሞላው? ማነው እራሱ? ምንም መልስ የለም። መሰላል ይዘህ ወጥተህ ክዳኑን ፈተህ ማየት ነው።

ሃርት ያንን ከረንት ሳይረብሽ በላዩ ላይ ዲጂታል መልእክት ይጭንበታል። ለ1 በሰከንድ 1200 ጊዜ፣ ለ0 ደግሞ 2200 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽዬ ሞገድ ነው። ግማሽ ሚሊአምፕ ከፍ፣ ግማሽ ሚሊአምፕ ዝቅ፣ በቃ። አማካዩ ዜሮ ስለሆነ ፒኤልሲው ምንም አልሰማም። አንድ ትልቅ ሰው ቁም ነገር ሲያወራ ከጎኑ ሁለት ልጆች እንደሚንሾካሾኩት ማለት ነው፤ ሽማግሌው አይረበሽም፣ ልጆቹም ይግባባሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ቤል 202 ከሚባለው የድሮ የስልክ ሞደም ስታንዳርድ የተወሰደ ነው። ሮዝማውንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሠራውና ብዙም ሳይቆይ ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አደረገው። ዛሬም ድረስ በሕይወት ያለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ማንም ሰው የነበረውን ሽቦ ንቀል አልተባለም።

ፍጥነቱን አትጠይቁኝ። በሰከንድ 1200 ቢት። ስልካችሁ ላይ አንድ ፎቶ በዚህ ፍጥነት ብትልኩ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣል። በሰከንድ ሁለት ሦስት ንባብ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ቫልቭ ለመቆጣጠር አይደለም፣ ለመቆጣጠሩ 4-20ው እዚያው አለልህ። ሃርት ለመጠየቅና ለማስተካከል ነው።

ወደ እቃዋ ልምጣ። የኛዋ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ናት። በአንድ በኩል የዩኤስቢ ገመድ፣ በሌላው በኩል ቀይና ጥቁር ክሊፕ፣ መሀሏ ላይ ስታወራ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት። ከላፕቶፑ ነው ኃይል የምትወስደው፣ ሌላ ቻርጀር አትፈልግም። ሃርት ላይ ፕላስ ማይነስ ስለማይለያት ክሊፑን ብታገለብጠውም ትሠራለች። ይሄ ጨለማ ካቢኔ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ሙቀቱን እንዴት ቻለችው? ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬን የሚያውቅ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ካቢኔ ሲከፈት ፊትህን የሚመታህ ወላፈን የዳቦ ቤት ነው የሚመስለው። ሞደሟ አንድም ቀን አላቃሰተችም። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ላፕቶፑ ነው፤ ፋኑ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ አቧራው ኪቦርዱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሥራ የማስገባው ጠዋት ነው። ከሰዓት ድሬ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ትራንስሚተር ላዋቅር የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

ክሊፖቹ ግን የማይረቡ ናቸው። ጥርሳቸው ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ከተነኩ ይወልቃሉ። ቆርጬ ጣልኳቸውና እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ካሉት ሱቆች የተሻለ ክሊፕ ገዝቼ በየዱልኝ። ሁለተኛው ቅሬታዬ ድራይቨሩ ነው። ዊንዶውስ ሲታደስ የኮም ፖርቱን ቁጥር ይቀይረዋል፣ ሶፍትዌሩ የድሮውን ቁጥር እየፈለገ «መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። አዲስ ልጅ ከሆነ ትራንስሚተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊፈታው ይነሳል። መጀመሪያ ፖርቱን እዩ።

ሻጩ የማይነግርህ ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ሉፑ (ከረንቱ የሚዞርበት ሽቦ) ላይ ቢያንስ 230 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ከሌለ ሃርት አያወራም። የፒኤልሲው ካርድ የውስጥ ሬዚስታንሱ ትንሽ ከሆነና ፓወር ሰፕላዩም ሞገዱን ከዋጠው፣ ሞደሟን ብትሰካ ዝም ነው። ልጆች «ሞደሟ ፎርጅድ ናት» ብለው የሚመልሷት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። 250 ኦም ሬዚስተር በሉፑ ላይ በተከታታይ ማስገባትና ክሊፑን በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ ላይ መንከስ። ሽቦውን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ለኮንትሮል ሩም ንገሩና ሉፑን ማንዋል ላይ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ንባቡ ዜሮ ገብቶ ፋብሪካው ይቆምና ስማችሁ ይጠራል። ቮልቴጁንም አስሉ። 20 ሚሊአምፕ ላይ 250 ኦም 5 ቮልት ይበላል። ከ24 ቮልት ላይ 5 ሲቀነስ 19 ይቀራል፣ ገመዱ ደግሞ የራሱን ይወስዳል። ለአብዛኛው ትራንስሚተር ይበቃል፣ ሰፕላዩ ደክሞ ከሆነ ግን ከላይኛው ሬንጅ ላይ ይሰንፋል።

አሁን ለምን እንደወደድኳት ላሳያችሁ። የኮምፕረሰር አየር መስመር ላይ ስክሪኑ 5 ባር ይላል፣ ቧንቧው ላይ ያለው ጌጅ 3 ባር ይላል። ኦፕሬተሩ ስክሪኑን ያምናል፣ ሜካኒኩ ጌጁን ያምናል፣ ሁለቱም ተኮራርፈዋል። ድሮ ቢሆን ትራንስሚተሩን ነቅለን፣ የእጅ ፓምፕ አምጥተን፣ ግማሽ ቀን ካሊብሬሽን ላይ እንውላለን። ካቢኔው ጋ ቆሜ ሞደሟን ሰካሁ። ትራንስሚተሩ ራሱ መለሰ፦ 3 ባር፣ 12 ሚሊአምፕ፣ ሬንጅ ከ0 እስከ 6። አለቀ። ፒኤልሲው ውስጥ የተጻፈው ስኬል ከ0 እስከ 10 ነው። 12 ሚሊአምፕ መሀል ነው፤ የ6 መሀል 3፣ የ10 መሀል 5። ማለትም የሚዋሽ ሰው የለም። አንድ ሰው ትራንስሚተሩን ቀይሮ ሬንጁን ሳያስተካክል ሄዷል። እዚያው ቆሜ ሬንጁን ከ0 እስከ 10 አደረግኩት፣ ከረንቱ ወደ 8.8 ወረደ፣ ስክሪኑ 3 አለ። ሜካኒኩ ከኋላዬ ሆኖ «አቦ እኔ ምን አልኩ!» እያለ ነበር። ለሳምንት ኮርቶብናል።

ሌላም አለ። ትራንስሚተር ሲታመም ከረንቱን ወደ 3.6 ሚሊአምፕ ወይም ከ21 በላይ ይወስደዋል፤ ናሙር የተባለው የጀርመን ተጠቃሚዎች ማኅበር ያወጣው ስምምነት ነው፣ ብዙ አምራች ይከተለዋል። ፒኤልሲው «ታሟል» ይላል። ምኑን? አይልም። በሃርት ስትጠይቀው ግን ሴንሰሩ ነው፣ ቦርዱ ነው፣ ከሬንጅ ውጪ ነው ብሎ ይለይልሃል። አንዳንዱ የራሱን የውስጥ ሙቀት ሁሉ ይናገራል። ምዕራብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የሌቭል ትራንስሚተር አለን፣ ከሰዓት ከሰዓት ንባቡ ይንሸራተት ነበር። ስጠይቀው ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ማለቴ በትኩሳት ነው። ቆርቆሮ ቆርጠን ጥላ ሠራንለት። ተረጋጋ። ማንም ያንን ከ4-20 ቁጥር ላይ ሊያነበው አይችልም ነበር።

ሉፕ ቴስት ደግሞ ሱስ ነው የሚያሲዘው። ትራንስሚተሩን «4 ስጥ፣ 12 ስጥ፣ 20 ስጥ» እያልክ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ታያለህ። ከላይ እስከ ታች ሽቦው፣ ካርዱ፣ ስኬሉ ይፈተሻል። ስትጨርስ ከዚያ ሁኔታ አውጣው እንጂ። አለበለዚያ ታንኩ ሞልቶ እየፈሰሰ ስክሪኑ በሰላም 12 ላይ ይቀመጣል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ እኔ ፓክትዌር ነው የምጠቀመው። ነፃ ነው። በላዩ ላይ የየአምራቹን ዲቲኤም ትጭናለህ፤ እንደ ፕሪንተር ድራይቨር መሆኑ ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ዲቲኤማቸውን በነፃ ያወርዱልሃል፣ ፋይሉ ግን ከባድ ስለሆነ ኔት የሚሻልበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት። የአንዱን ዲቲኤም ብታጡ አትጨነቁ። ሃርት ላይ ሁሉም መሣሪያ የሚመልሳቸው የጋራ ትእዛዞች አሉ፤ ስሙን፣ ንባቡን፣ ሬንጁን በጀነሪኩ ታዩታላችሁ። የጠለቀ ዲያግኖስቲክ ብቻ ነው የሚቀርባችሁ። ያለ ላፕቶፕ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት በእጅ የሚያዙ ኮሙኒኬተሮች ፀሐይ ላይ ይታያሉ፣ ሲወድቁም ይችላሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ዋጋቸው ግን ከሞደሟ ጋር አይወዳደርም፣ እኛ ሀገር ዶላር ጠይቆ እሱን የሚያስመጣ አለቃ ካላችሁ እጁን ሳሙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነዳጅ ዴፖ፣ አልኮል፣ ቀለምና ሶልቨንት ያለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ተራዋን ሞደም ይዛችሁ አደገኛው ክልል ውስጥ እንዳትገቡ። ላፕቶፑም ሞደሟም ለዚያ ሰርተፊኬት የላቸውም። ውጪ ካለው ካቢኔ፣ ከባሪየሩ (ወደ አደገኛው ክልል የሚገባውን ኃይል ከሚገድበው መሣሪያ) በዚህኛው ወገን ሆናችሁ አውሩት።

አሁን ወደ አዲሱ መስመር። ፕሮፊባስ ፒኤ ንባቡን በ4-20 አይናገርም፣ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ነው። በሁለት ሽቦ ላይ ኃይሉም መልእክቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው። ደንቡ በአንድ ሰግመንት (መሣሪያዎቹ በጋራ በሚንጠለጠሉበት አንድ መስመር) እስከ 32 መሣሪያ፣ እስከ 1900 ሜትር ይላል፤ የኃይል ሒሳቡ ሲሠራ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው የሚወጣው። ከዚያ ካፕለር በሚባል ሳጥን በኩል ወደ ወይን ጠጇ የፕሮፊባስ ዲፒ (ፈጣኑ ወንድሙ) ኬብል ይሻገርና ፒኤልሲው ጋ ይደርሳል።

ፍትሐዊ ልሁንና ጥሩውን ላስቀድም። ያ የ3 እና የ5 ባር ጭቅጭቅ እዚህ አይፈጠርም። መሣሪያው 3 ባር ካለ 3 ባር ተብሎ ነው ፒኤልሲው የሚገባው፣ ወደ ሚሊአምፕ ተቀይሮ ተመልሶ አይቀየርም። ከንባቡ ጋር ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ያጠራጥራል፣ መጥፎ ነው» የሚል ምስክርነት አብሮ ይመጣል። ኬብሉም በጣም ይቀንሳል። ካቢኔውን ስትከፍተው ባዶ ይመስላል፣ አሮጌውን ጎን ያየ ሰው ይቀናል።

ታዲያ ምን ያናድዳል? መጀመሪያ የገጠመው ኮንትራክተር። ስሙን አልጠራም፣ ግን ሥራውን ሲያስረክብ አንድ ገጽ ድሮዊንግ አልተወልንም። ሰግመንቱ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ተርሚኔተር (ምልክቱ ጫፍ ደርሶ እንዳይመለስ የሚያደርግ) ነው የሚፈልገው፣ እያንዳንዱ 100 ኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ። አንዱ ካፕለሩ ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ከእነሱ ሌላ መሀል ላይ ያለ ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ሦስተኛ ተርሚኔተር በርቶ ተገኘ። ምልክቱ ይደክማል፣ ሩቅ ያሉት መሣሪያዎች አንዴ ይመጣሉ አንዴ ይጠፋሉ። በኦም ሜትር ፈልገህ አታገኘውም፤ ካፓሲተሩ ለሜትሩ እንደተቆረጠ ሽቦ ነው የሚታየው። ቦክስ በቦክስ እየከፈትክ በዓይንህ ማየት ነው። አየን። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ ሺልዱ፣ ማለትም ኬብሉን ከጩኸት የሚከላከለው ሽፋን። ኬብሉ ከሞተርና ከድራይቭ ኬብል ጋር አንድ ትሬይ ላይ ተኝቷል፣ ግራውንዱም እንደነገሩ ነው። አንድ ትልቅ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ሲነሳ ሰግመንቱ ያስነጥሳል። 4-20ው እዚያው አጠገብ ተኝቶ ምንም አይመስለውም፤ ከረንት ስለሆነ ለጩኸት ያን ያህል ግድ የለውም። ቀጥሎ ሾርት። አንድ ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ የዝናብ ውኃ ገባና አጠቃላይ ሰግመንቱ በአንድ ጊዜ ጨለመ። ድሬ ዝናብ የላትም ያለ ሰው ሲመጣ አላያትም። በአሮጌው ጎን ቢሆን የሚጠፋው ያ አንዱ ትራንስሚተር ብቻ ነበር። ይህን የሚከላከሉ፣ ሾርት የሆነውን ቅርንጫፍ ብቻ የሚያቋርጡ ቦክሶች አሉ። ኮንትራክተሩ አልገዛቸውም። ለምን? ርካሽ ስላልሆኑ።

ከሁሉ የከፋው ግን መለዋወጫ ነው። አሮጌው ጎን ላይ የአንዱ ብራንድ ትራንስሚተር ቢሞት የሌላውን ብራንድ አምጥቼ፣ ሁለት ሽቦ አስሬ፣ ሬንጁን በሞደሟ ሞልቼ ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ። ፒኤ ላይ የሌላ ብራንድ ከመጣ ጂኤስዲ ፋይሉ (መሣሪያውን ለፒኤልሲው የሚያስተዋውቀው) ይፈለጋል፣ ፒኤልሲው ፕሮግራም ላይ ኮንፊገሬሽኑ ይነካል፣ አድራሻው ይሞላል፤ አዲስ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ 126 ላይ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙን የሚነካው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ስልክ ሲያነሳ። ቴክኖሎጂው ጥፋት የለበትም። ግን የሠለጠነ ሰውና ሙሉ ዶክመንት ይፈልጋል፣ ያ ከሌለ ፒኤ አትግቡ ነው የምለው።

ፋውንዴሽን ፊልድባስ የሚባለውም አለ። በዚያው 31,250 ቢት ነው የሚሄደው፣ ልዩነቱ ቁጥጥሩ ራሱ መሣሪያው ውስጥ ሊሠራ መቻሉ ነው፤ ቫልቩና ትራንስሚተሩ ፒኤልሲ ሳይጠይቁ እርስ በርስ ተነጋግረው ሥራውን ይቆጣጠሩታል። ለሪፋይነሪ ድንቅ ነው። ለኛ ሳሙና፣ ዘይትና ለስላሳ ቅንጦት ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ተጣልተው ነው የኖሩት። የማን ፕሮቶኮል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ይሁን እየተባለ ተጓተተና በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ የወጣው አይኢሲ 61158 ስምንት የማይግባቡ ዓይነቶችን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ስታንዳርድ» ብሎ ወጣ። ሽምግልና ማለት እንዲህ ነው። የፋውንዴሽን ፊልድባስና የሃርት ድርጅቶች ደግሞ በ2015 ተዋሕደው ፊልድኮም ግሩፕ ሆነዋል።

ሰሞኑን ሻጮች ዋየርለስ ሃርት ይዘው እየመጡ ነው። ከሃርት 7 (ሰባተኛው የሃርት ስሪት) ጋር በ2007 የመጣ ነው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፣ መሣሪያዎቹ መልእክት እየተቀባበሉ ጌትዌዩ (ወደ ፋብሪካው ኔትወርክ የሚያሻግረው ሳጥን) ጋ ያደርሱታል። ሽቦ መጎተት ለማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከግቢ ውጪ ላለ የውኃ ጉድጓድ ወይም ታንክ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ባትሪውን ጠይቁ። የሚጠቀሙበት ልዩ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን አደገኛ ጭነት ተብሎ ነው የሚታየው፣ ማስመጣቱ ራስ ምታት ነው። ሻጩ «ዓመታት ይቆያል» ሲላችሁ በስንት ሰከንድ አንዴ እየላከ እንደሆነ አስቆጥሩት፤ በሰከንድ አንዴ ከላከ ያ ተስፋ ይቀንሳል። ሙቀታችንም ለባትሪ ወዳጅ አይደለም። ለፋብሪካ መሣሪያዎች የተሠራ ኢተርኔት ኤፒኤል የሚባልም አለ፣ በሁለት ሽቦ 10 ሜጋቢት፣ ዋናው መስመር እስከ 1000 ሜትር። ከባዶ መሬት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ይጠይቅበት፣ እኔ ገና ሳልነካው አልፈርድም።

ግዢውን በተመለከተ ድሬ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ «ሃርት ሞደም» ብትሉ የኢንተርኔት ሞደም ነው የሚያወጡላችሁ። አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ማዘዝ ነው፣ ወይም ከውጪ የሚመጣ ዘመድ። ስትገዙ አይሶሌሽን (የላፕቶፑንና የሉፑን ኤሌክትሪክ የሚለያይ) እንዳለው አረጋግጡ፤ በጣም ርካሾቹ ላይ የለም፣ ያኔ የላፕቶፑ ግራውንድና የሉፑ ግራውንድ ይገናኙና ንባቡ ይዘላል፣ ሲብስም ፖርቱ ይሞታል። የራሷ 250 ኦም ያላት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በየትራንስሚተሩ ስም ሰሌዳ ላይ ሃርት የሚል ጽሑፍ ካለ እዩ። እኛ ጋ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ነበራቸው፣ ለዓመታት ማንም አናግሯቸው አያውቅም።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣታለሁ፣ ግማሹ ለክሊፖቹ የተቀነሰ ነው። ለሁለተኛው ሺፍትም አንድ እንዲገዛ ጥያቄ አስገብተናል። ግዥ ክፍል «ሞደም አላችሁ አይደል፣ ዋይፋዩ አይሠራም እንዴ?» የሚል መልስ ልኳል።